ከአባቴ እጅ ያመለጠ ክርን

እኔ ቡሬ ከተማ ሹሩባ የምሠራ ሴት ነኝ፤ ስሜ ብዙአየሁ ነው። ቀኝ ክርኔ ወልቆና ተሰብሮ ሁለት ጊዜ "ገብቷል" ተባልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ገብቶ አልቆየም። መጀመሪያ እየጠረጠርኩ፣ ኋላም እያወቅሁ ዝም ብዬ ሰባት ሳምንት አሳለፍኩ። ዛሬ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ "ይሻለኛል" እያለ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ የምነግረው ለእሱ ነው።

ነገሩ የሆነው መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። በዚያ ሰሞን የቡሬ ሴት ሁሉ ፀጉሯን ልትሠራ ስለምትመጣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ሥራው ሳይበዛብኝ አባቴን ልጠይቅ ብዬ ወደ ገጠር ወጣሁ። አባቴ የሚኖሩት ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ሞላ ይባላሉ፤ አገሬው "አያ ሞላ" ይላቸዋል። ወጌሻ ናቸው። ከዛፍ የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ በቅሎ የጣለችው ሰው ከየአቅጣጫው ወደ እሳቸው ደጅ ይመጣል። አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን እንደ ጠገኑ እሳቸውም ቆጥረው አያውቁም።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጉሙ ከመሬት አልተነሣም ነበር። ከመንደሩ በታች ያለችውን ወንዝ የሚያሻግር ግንድ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሻገረው ኖሬያለሁ። መሐል ላይ ስደርስ እግሬ ሸተት አለ። ቀኝ እጄን እንደ ዘረጋሁ ድንጋይ ላይ ወደቅሁ።

የሰማሁት ድምፅ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። በጀርባዬ ተንጋልዬ ውኃው በቀሚሴ ላይ እያለፈ ሲሄድ ይሰማኛል። ጉሙ ከላዬ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ የወንዙ ዳር አደይ ለብሷል። ክንዴን አየሁት። ከክርኑ በታች ያለው ወደ ጎን ዞሮ፣ አንድ መንገደኛ ጥሎት የሄደ ዕቃ ይመስል ነበር። "ይኼ የማን እጅ ነው?" ብዬ በልቤ መጠየቄን አስታውሳለሁ። እጅግ ጸጥ ያለ ጊዜ ነበር። ልነሣ ስሞክር ሕመሙ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ አልነበረም።

ገበያ የሚወርዱ ሁለት ሴቶች አግኝተው አነሡኝ። ወዴት እናድርስሽ ብለው አልጠየቁኝም። የአያ ሞላ ልጅ ክንዷ ቢሰበር ወዴት ትወሰዳለች?

አባቴ ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ ወይም ድንጋጤያቸውን ዋጡት። መደብ ላይ አስተኙኝና ቅቤ አስመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ ቆሟል። አባቴ ሲሠሩ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ "ዐይን ያታልላል፤ አጥንት በጣት ነው የሚታይ" ይላሉ። ጣቶቻቸው ክርኔን ዙሪያውን ሄዱበት፣ ተመለሱ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"ስትመጪ የታችኛውን ማሳ አየሽው? ጤፉ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ደህና ነው" ልል አፌን ስከፍት ሳቡት።

ጓ አለ። ቤቱን የሞላው ሰው "ገባ፣ ገባ" ተባባለ። አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ ተወችው። አባቴ እጃቸውን አነሡ። ወዲያው ክርኔ ውስጥ አንድ ነገር ሸርተት ሲል ተሰማኝ፤ ከድጥ ላይ እግር እንደሚንሸራተት፣ ያለ ድምፅ። ቀና ብዬ አባቴን አየኋቸው። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። የቀርከሃ ስንጥቅ አምጥተው በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩልኝ። "አይዞሽ፤ ለገና ትሠሪበታለሽ" አሉኝ።

ባሌ ይትባረክ በማግሥቱ ከቡሬ መጣ። እህል መጋዘን የሚሠራ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ያበጡትን ጣቶቼን አየና ብቻችንን ስንሆን "ሆስፒታል እንሂድ" አለኝ።

"አባቴ እያሉ?"

"አባትሽ እያሉ።"

"ሰው ምን ይላል፣ ይትባረክ? ልጃቸው እንኳ አላመነቻቸውም አይባልም?"

ስምንት ቀን ቆይተን ቡሬ ስንመለስ ይትባረክ ከአባቴ ጋር የተሰነባበተው በእጁ ብቻ ነበር፤ አንገታቸውን አልሳመም።

ቡሬ ገብተን ማበጡ ሲብስ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ ከአንድ ወገን ብቻ። የተቀበለን ሰው ክፉ አልነበረም፤ በሩ ላይ ብዙ ሰው ቆሞ ስለሚጠብቀው ቸኩሎ ነበር። "ወልቋል እንጂ አልተሰበረም" አለን። መልሶ ከተተውና በጀሶ አሰረው። አንድ ወር እንድቆይም አዘዘኝ። እኔም ደስ አለኝ። ወልቋል እንጂ አልተሰበረም ማለት፣ አባቴ የሳቱት ትንሽ ነገር ነው ማለት ነዋ።

ጀሶው ውስጥ ግን ትንሿ ጣቴና ከጎኗ ያለችው ደነዘዙ። መጀመሪያ እንደ ጉንዳን ጠዘጠዙኝ፤ ኋላ ጭራሽ ዝም አሉ። ሚስማር ቢሰካባቸው የማላውቅ ሆንኩ። ይህ ምልክት ነው፤ በክርን ጀርባ በኩል ወደ እነዚያ ጣቶች የሚሄድ ነርቭ አለ፤ ሲጨነቅ ጣቶቹን እንዲህ ያደነዝዛቸዋል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። ጣቶቼ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለኝ ነበር። ለሕመሙ የተሰጠኝን ክኒን ውጬ መስኮቱ ሥር ስቀመጥ እኔም እንደ እነሱ አሸልባለሁ። ቀኖቹ ተያያዙብኝ። ደንበኞቼ ይመጣሉ፤ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለ ሠርግና ስለ ልቅሶ ያወሩኛል፤ ከዚያ ፀጉራቸውን ሌላ ቤት ሊሠሩ ይሄዳሉ። በእንቅልፌ ሁልጊዜ እሠራለሁ። ጣቶቼ ፀጉር ከፍለው ሦስት እያደረጉ ይጎነጉናሉ፤ ጉንጉኑ ግን ማለቂያ የለውም። ከቤት ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ገጠሩ ይወርዳል።

መንገዱ ተዘግቶ መኪና የማይሄድባቸው ቀናትም ነበሩ። መንገዱ ሲከፈት ይትባረክ ሳያማክረኝ ቦርሳ አዘጋጅቶ "ተነሺ፣ ፍኖተ ሰላም ልንሄድ ነው" አለኝ። አልተከራከርኩትም። ጀሶው ውስጥ ክርኔ እንደ ገና ሸርተት ብሎ እንደ ነበር ለማንም አልነገርኩም፤ እሱ ግን ፊቴን ሲያይ የሰነበተ ይመስለኛል።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጥን። አጠገቤ ከቋሪት ልጇን ልታሳክም የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ጀሶዬ ጭኔ ላይ እየከበደኝ ስቁነጠነጥ አይታ ጋቢዋን አጣጥፋ ከክንዴ ሥር አደረገችልኝ። ከዚያ ስለ አየሩ እንጂ ስለ እጄ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። በዚያ ሁሉ ጊዜ "ምን ሆንሽ?" ያላለችኝ እሷ ብቻ ናት። ይህን ደግነቷን አልረሳውም።

ዶክተሯ ጀሶውን አስቀድዳ ራጅ ከፊትም ከጎንም አስነሣችኝ። የጎኑን ወደ ብርሃን አንሥታ አሳየችን። የማይገባኝ ነገር አልነበረም፤ አጥንቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

"ክርንሽ ዛሬም ወልቆ ነው ያለው" አለች ቀስ ብላ። "ሁለት ቦታም ተሰብሯል። እንዲህ ያለው ያለ ቀዶ ሕክምና ቢመለስም አይረጋም። ባሕር ዳር ልላክሽ።"

ይትባረክ ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። "ነግሬሽ ነበር" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ በማግሥቱ ሰምተው መጡ። አብሬ እሄዳለሁ አሉ፤ ማንም ይምጡ አላላቸውም፣ ማንም ይቅሩ አላላቸውም። ሚኒባሱ ውስጥ እኔ መስኮቱ ጋ፣ አባቴ መሐል፣ ይትባረክ ዳር ተቀመጥን። ጥሊሊ ጋ ጉም ተቀበለን፤ የቀርከሃው ጫካ ብቅ እያለ ይጠፋል። ክኒኑ ራሴን አቅልሎታል። ዱርቤቴ ገበያ ቀን ነበርና መኪናው በበጎችና በእህል ጆንያ መሐል እየተሳበ አለፈ። ከመስኮቱ ሥር የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። ያንን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ሰው ሲሄድ ክርኑ በራሱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ማንም አያዘውም።

ባሕር ዳር የተቀበለን የአጥንት ሐኪም ወጣት ነበር። አባቴን ወንበር ሳበላቸው። ራጁን ዘርግቶ ሲያስረዳን አባቴ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ከላይ አንድ አጥንት አለ፣ ከታች ሁለት" አለ ሐኪሙ።

"አውቃለሁ" አሉ አባቴ። "ጅማቱስ?"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያቸው። "ጅማቱ ተበጥሷል አባባ። አጥንቱ ቢገባም የማይቆየው ለዚህ ነው።"

አባቴ ጣታቸውን ራጁ ላይ አሳረፉ። "ሞፈርና ቀንበር ያለ ምራን፣ ያለ ማሰሪያው ጠፍር ማለት ነው። ገጥሞ ቢታይም በሬው ሲሄድ ይለያያል።"

"ልክ እንደሱ ነው።"

"እናንተ ምራኑን ትቀጥሉታላችሁ?"

"እንቀጥለዋለን። የተሰበረውን በትንንሽ ብሎን እናያይዛለን፤ ጅማቱን በክር አጥንቱ ላይ እንመልሰዋለን፤ ነርቩንም ካለበት ጭንቅ እናወጣዋለን። ብቻ ዘግይታችኋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ብትመጡ ይሻል ነበር። አሁን ውስጡ ጠባሳ ሞልቶታል፤ ጨርሶ ላይዘረጋ ይችላል።"

"እኔ ነኝ ያዘገየኋት" አሉ አባቴ። ይትባረክ መሬት መሬቱን አየ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን፣ ፀሐይ ስትበርድ ከአባቴ ጋር የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሰው ምግብ በዘንቢል ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። አባቴ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩአቸው ነበር።

"በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ" አሉኝ። "እጄን ሳነሣ ሸርተት አለ።"

"እኔም ተሰምቶኛል አባዬ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"እርስዎስ?"

"ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። አርባ ዓመት ከደጄ ሰው መልሼ አላውቅም። አልችልም የሚለውን ቃል አፌ አልለመደውም። በልጄ ገላ መልመድ ነበረብኝ?"

ግራ እጄን እጃቸው ላይ አደረግሁ። እጃቸው ሸካራና ሙቅ ነው። ሁለታችንም ስለ አንዳችን ክብር ብለን ዝም ብለን፣ በዝምታችን መሐል ክንዴ ሊጠፋ ነበር።

የቀዶ ሕክምናውን ቀን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው፤ ግማሹም ሕልም ነበር። አንገቴ ሥር መርፌ ወጉኝና ክንዴ ቀስ በቀስ ሞቀ፣ ከበደ፣ ሄደ። የሚያረጋጋ መድኃኒትም ጨመሩልኝ። ድንገት ክንዴ ወደ ጣሪያው ቀጥ ብሎ የተነሣ ሆኖ ተሰማኝ።

"እህቴ፣ እጄን አውርጂልኝ፤ ደክሞታል" አልኳት ነርሷን።

"እጅሽ ከጎንሽ ተኝቷል እኮ" አለችኝ፤ ቀና አድርጋ አሳየችኝ። እውነትም ተኝቷል። ለእኔ ግን ወደ ላይ እንደ ተዘረጋ ነበር፤ ጨርሶ የተዘረጋ፣ ቀጥ ያለ፣ ሕመም የሌለበት። ከመጋረጃው ማዶ ብረት ብረትን ሲነካ ይሰማል። ሐኪሙ አልፎ አልፎ አንድ ቃል ይናገራል። እኔ ያቺ ወንዝ ውስጥ ተንጋልያለሁ፤ ውኃው ግን ሞቃት ነው። ጉሙ ከላዬ ይሄዳል፤ እጄም ከጉሙ በላይ ወጥቶ የሆነ ነገር ይጎነጉናል። እንዲህ ያለ ዕረፍት ዐርፌ አላውቅም። ስነቃ "አልቋል" አሉኝ፤ ሰዓታት አልፈዋል።

ማደንዘዣው ሲለቀኝ ያለቀስኩትን አልደብቅም። ክርኔ ልብ ያበቀለ ይመስል በራሱ ይመታ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ይትባረክ ምሳ ይዞ መጣ። ሰሐኑን ከፍቶ ሁለት ቦታ ከፈለው። አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ይዞ አባቴ ወደ ተቀመጡበት ጥግ ሄደ።

"አባባ፣ ይብሉ እንጂ። ከትናንት ጀምሮ አልቀመሱም" አላቸው።

ከዚያ ስንብት ወዲህ ከአባቴ ጋር ያወራው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። አባቴ እጃቸውን ታጥበው በሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ለሚታከም ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ቀዶ ሕክምናው ግማሹ ነው፤ የቀረው ግማሽ የታካሚው ነው። ክርን ቶሎ ይደርቃል። ገና ስፌቱ ሳይወጣ ማጠፍና መዘርጋት አስጀመሩኝ። ቡሬ ስንመለስ አባቴ ቤታችን ሰነበቱ። ጠዋትና ማታ እኔ ሳጥፍ፣ ስዘረጋ እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ይቆጥሩልኛል። እጃቸው ግን አላርፍ አላቸው፤ በቅቤ ላሸው፣ ትንሽ ልግፋው ይላሉ። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን ከባሕር ዳር ሳንወጣ አጥብቃ ነግራናለች።

"አባባ፣ እንዳያሹት። እንዳይገፉትም። ክርን ከታሸና በግድ ከተጎተተ ሥጋው ውስጥ አጥንት ያበቅላል፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ይቆለፋል። በራሷ ጉልበት ብቻ ነው የምታጥፈው።"

"ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?" አሏት።

"ይቁጠሩላት።"

አባቴ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ቆጠሩ። ለእሳቸው ከዚህ የሚከብድ ሥራ የነበረ አይመስለኝም።

ጥር ላይ፣ አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በኩል ደወል ሰምቼ ሳላስብ ላማትብ እጄን አነሣሁ። ግንባሬን ነካሁ። እንደ ነካሁ ቀረሁ፤ ጣቴን ከግንባሬ ማንሣት ፈራሁ። ከመስከረም ጀምሮ በግራ እጄ ሳማትብ፣ በግራ እጄ ስጎርስ ነበርና። የደነዘዙት ጣቶቼ ዘግይተው ነው የነቁት። መጀመሪያ ትኩስ ውኃ ለዩ፣ ከዚያ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ፀጉር። ጎረቤቴ "በእኔ ራስ ተለማመጂ" ብላ ቁጭ አለችልኝ። ያቺን አንድ ራስ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ክንዴ ዛሬም ጨርሶ አይዘረጋም፤ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ለማውረድ በርጩማ ላይ እወጣለሁ። ብርድ ሲሆን ብሎኖቹ ራሳቸውን ያስታውሱኛል። ግን እሠራለሁ።

ግንቦት ላይ አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሳለን አንድ ገበሬ ሚስቱን ደግፎ መጣ። ከጣራ ላይ ሣር ስታቀብል ወድቃ ነው። ግራ ክንዷን በቀኟ ይዛዋለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

አባቴ አስቀመጧት። ዐይናቸውን ጨፍነው በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ ክርኗን ዞሩት። ከዚያ ዐይናቸውን ገለጡ።

"ክርን ነው" አሉ። "አልችልም። ፍኖተ ሰላም ውሰዳት፤ ዛሬውኑ።"

ሰውየው የሰማውን ያላመነ ይመስል ቆመ። "አያ ሞላ፣ እርስዎ አልችልም ካሉ ማን ይችላል? ሰው እርስዎን ብሎ ስንት መንገድ ያቋርጣል።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ብዙዬ፣ እጅሽን አሳዪያቸው።"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አባቴ ጠባሳውን ተከትለው በጣታቸው ሄዱ። ከቆዳዬ ሥር ብሎኑ ያለበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ክንዴን ሲነኩት የመጀመሪያቸው ነው።

"እኔ አበላሸሁት፣ እነሱ ሠሩት" አሉ ለሰውየው። "የሠራው እጅ የሚያውቅ እጅ ነው። እኔ በጣቴ እያየሁ እመሰክራለሁ።"

የሴትዮዋን ክንድ ካለበት ሳያንቀሳቅሱ ከደረቷ ጋር በነጠላ አሰሩላት። ሰውየው አሁንም ያመነታ ነበር። አባቴ ይህን አዩ። ገብተው ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ከዘራቸውን አነሡ።

"የት ነው አባዬ?" አልኳቸው።

"እኔ ካልሄድኩ መንገድ ላይ ሌላ ወጌሻ ዘንድ ይወስዳታል" አሉኝ።

አስፋልቱ ድረስ ቀስ እያልን ወረድን። ባጃጅ አቆምን። ባልዬው ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ ሴትዮዋ ከኋላ፣ አባቴ ከአጠገቧ። እኔ ቡሬ የምመለስበትን መኪና ልጠብቅ ቀረሁ። መንገዱ እዚያ ጋ ጎርበጥባጣ ነው። ባጃጁ ሲነሣ አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ክርኗን ከሥር በሁለት መዳፋቸው ደግፈው ነበር።